ለሁለት ጌታ ያደረ ሐኪም

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው። እውነት ነው። ለመሆኑ ግን፣ በሽታውን የሚነግረው ባለሙያ እንጀራውን ሊነጥቀው ለሚችል ሰው ያደረ ቢሆንስ? ያን ጊዜ መደበቁ ሞኝነት ነው ወይስ ብልህነት?

ይህን የምጠይቀው የአሜሪካን የኮሌጅ ስፖርተኞች ይዤ ነው። ከኛ ጋር ምን አገናኘው የሚል ቢኖር፣ እዚያው አሜሪካ ልጁ በሩጫ ወይም በኳስ ነፃ የትምህርት ዕድል እንዲያገኝለት የሚሳል ወገን አለንና ነገሩ የኛም ነው።

«በነፃ የሚማር፣ ጭብጨባ የጠገበ ጎረምሳ ደግሞ ምን ጎደለኝ ይላል?» የሚሉ አሉ። መልሱን ቁጥር ይስጣቸው። እ.ኤ.አ. በ2024 በብሪታንያ የስፖርት ሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ከ2002 እስከ 2022 የሞቱ 1,102 የኮሌጅ ስፖርተኞችን መርምሯል። 128ቱ ሕይወታቸውን ያጡት በገዛ እጃቸው ነው። በመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት ከመቶ 7.6 የነበረው ድርሻ በተከታዮቹ አሥር ዓመታት 15.3 ደረሰ። ይህን ሁሉ «ወኔ ማጣት» ብሎ የሚያልፍ ሰው፣ ከስንፍናው በቀር የሚነግረን ነገር የለውም።

ኮሌጆቹ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ አልልም። ብሔራዊው የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር በ2016 የአእምሮ ጤና መመሪያ አውጥቷል፤ በ2024ም አሻሽሎታል። የሥነ ልቡና ባለሙያ የቀጠሩ የስፖርት ክፍሎችም ጥቂት አይደሉም። ሸጋ ነው። የኔ ጥያቄ ባለሙያው አለ ወይ ሳይሆን የማን ነው የሚል ነው።

የስፖርት ሥነ ልቡና ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ለማሸነፍ ነው፤ ትንፋሽን መግዛት፣ ሐሳብን ማሰባሰብ፣ ውድድሩን አስቀድሞ በዓይነ ኅሊና መሮጥ። ኮልማን ግሪፍዝ በ1925 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራውን ሲያቋቁም ያጠና የነበረው ይህንኑ የብቃት ነገር ነው። አሰልጣኙ ቢያውቀው ጉዳት የለውም። ሁለተኛው ለመዳን ነው፤ እንቅልፍ ላጣች፣ እህል አልወርድ ላላት፣ መኖር ላስጠላው። ይህን አሰልጣኝ ሊያውቀው አይገባም። ሁለቱን ሥራ ላንድ ሰው ሰጥቶ፣ ደመወዙን ከስፖርት ክፍሉ ቆርጦ፣ ቢሮውን ከልምምድ አዳራሹ ጎን ከፍቶ፣ «ልጆቹ ለምን አይመጡም?» ማለት ምን ይሉታል?

«ባለሙያው በምስጢር ጠባቂነት ሕግ የታሰረ ነው» የሚል መልስ ይመጣል። ይሁን፣ አንደበቱ ታስሯል። በሩ ግን ያወራል። ማን እንደገባ፣ ስንት ሰዓት እንደቆየ ኮሪደሩ ሁሉ ያያል። ማክሰኞ እዚያ በር ላይ የታየች ልጅ፣ ቅዳሜ ከተጠባባቂዎች ወንበር ብትቀመጥ ምን ታስብ?

ፍርሃቷም መሠረት አለው። ማኅበሩ በ1973 ነፃ የትምህርት ዕድልን በያመቱ የሚታደስ አደረገው፤ ለብዙ ዓመት መስጠት እንደገና የተፈቀደው በ2012 ነው። በ2025 ደግሞ ኮሌጆች ለስፖርተኞቻቸው በዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲያካፍሉ ፍርድ ቤት ያጸደቀው ስምምነት ፈቀደ። የሚከፈላቸው መሆኑ ተገቢ ነው። ነገር ግን ገንዘቡ ሲበዛ «ደከመኝ» የማለት ዋጋውም አብሮ ይወደዳል።

«ስፖርቱን የማያውቅ ሐኪም ምን ይፈይዳል?» ለሚሉም፣ ስፖርቱን ይወቅ እንጂ ማን ከለከለው! ደመወዙ ግን ከዩኒቨርሲቲው ጤና አገልግሎት ይምጣ፤ ተጠሪነቱም ለሐኪም ይሁን። የታካሚውን መዝገብ አሰልጣኝ አይይ። የታመመ ተማሪ የትምህርት ዕድሉ እስኪድን አይነካበት።

ወላጆችም ድርሻ አላችሁ። መልማዩ ቤታችሁ መጥቶ ቡናችሁን እየጠጣ ስለ ስታዲየሙ ሲያወራላችሁ፣ ሁለት ነገር ጠይቁት፦ የልጄን ሐኪም የሚቀጥረውና የሚያባርረው ማን ነው? ልጄ ብትታመም ትምህርቷ ምን ይሆናል? መልስ ካጣ፣ ቡናውን አስጨርሳችሁ ሸኙት።