ጤናችን፦ ፊደል የቆጠረ የመድኃኒቱንም ቁጥር ያነባል

ባለፈው ሳምንት ስለ ምንጭ ውሃ ተነጋግረን ነበር። ዛሬ ስለ ስኳር በሽታ መርፌ እንነጋገራለን። መድኃኒቱ ኢንሱሊን ይባላል።

በጤነኛ ሰው ሆድ ውስጥ ቆሽት የሚባል አካል አለ። ኢንሱሊንን የሚሠራው እሱ ነው። ቆሽቱ ኢንሱሊን መሥራት ያቆመበት ሰው ያለ መርፌ አይኖርም። መርፌው ለሰው መጀመሪያ የተሰጠው በ1914 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች 1922፣ ካናዳ ውስጥ ነው። ዛሬ የምናወራው ነጣ ብሎ ደፍረስ ስላለው፣ ረዘም ላለ ሰዓት ስለሚሠራው ዓይነት ነው። ስንት ዩኒት እንደሚወሰድ የሚወስነው የጤና ባለሙያ ነው። አጠቃቀሙ ግን በእጃችን ነው።

አንደኛ፣ ዘመኑን እናንብብ። ብልቃጡ ላይ ያለው ዘመን የፈረንጆች ነው። 6/2026 ቢል፣ 6ኛው ወራቸው የካቲት አይደለም፤ የእኛ ሰኔ ግድም ነው። ከ2026 ላይ 8 ሲቀነስ 2018 ይሆናል። መድኃኒቱ ሰኔ 2018 ላይ ያበቃል ማለት ነው። «ገና 8 ዓመት አለው» ያለ ሰው የሞተ መድኃኒት ይወጋል።

ሁለተኛ፣ መስመሩን እንቁጠር። 50 በሚለው መርፌ አንዱ መስመር ብዙ ጊዜ 1 ዩኒት ነው። 100 በሚለው ግን ብዙ ጊዜ 2 ዩኒት ነው። 10 መስመር የቆጠረ ሰው በአንዱ 10፣ በሌላው 20 ዩኒት ወሰደ። እጥፍ እኮ ነው! መርፌው ሲለወጥ ለባለሙያው እናሳይ።

ሦስተኛ፣ ብልቃጡን በሁለት መዳፍ መካከል 10 ጊዜ ያህል ቀስ ብለን እናንከባልል። እንደ ወተት መናጥ አይገባም። ከዚያም ጓል ከታየበት አንጠቀምበት።

አራተኛ፣ ሙቀት ያበላሸዋል፤ በረዶም እንዲሁ። ከምድጃና ከፀሐይ እናርቀው። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ሁለት ማሰሮ ይበቃል። ትንሹን በትልቁ ውስጥ አስቀምጠን መሐሉን በአሸዋ እንሙላ። አሸዋውን ውሃ እናጠጣ። ብልቃጡን በፕላስቲክ ጠቅልለን ትንሹ ውስጥ እናኑር፤ በእርጥብ ጨርቅ እንክደን። ቦታው ጥላና ነፋስ ያለበት ይሁን። ከተከፈተ 4 ሳምንት ያህል ያለፈው ብልቃጥ ይለወጥ።

አምስተኛ፣ ተወግቶ ምግብ መተው አደገኛ ነው። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ረሀብ ወይም መቀባጠር ከመጣ ስኳር ወርዷል። ቶሎ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠን እናጠጣው፤ ማርም ይሆናል። ከዚያ ምግብ ይብላ። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይጨመር፤ ትን ይለዋል። በጎኑ አስተኝተን ወደ ጤና ጣቢያ እናድርሰው።

ስድስተኛ፣ አንዱ የተወጋበትን ሌላው አይወጋበት። ያገለገለ መርፌ ክዳን ባለው ጣሳ ይጠራቀምና ወደ ጤና ጣቢያ ይመለስ።

ጾም ሲመጣስ? ጠበል ሲገባስ? ጠበሉን የሚከለክል የለም፤ መርፌው ግን አብሮ ይሂድ። በራስ ፈቃድ ማቆም ይገድላል። ሊጾም ያሰበም አስቀድሞ ለጤና ባለሙያውና ለነፍስ አባቱ ወይም ለሼሁ ይንገር።

መርፌው በቤቱ ያለ፣ ማንበብ ግን ያልጀመረ ጎረቤት ይኖር ይሆናል። ዛሬ ማታ ይህን እናንብብለት። ብልቃጡንም ያምጣና ዘመኑን አብረን እንቁጠር።