ለእማማ ወንበር እንከራይ
ከዋሽንግተን አካባቢ ልጆቻቸውን ይዘው ፍሎሪዳ ወደሚገኘው ዲዝኒ ወርልድ የሚወርዱ ቤተሰቦች፣ ለጥየቃ የመጡ እናታቸውንም አብረው ሲወስዱ ደስ ይለኛል፤ የማይዋጥልኝ እኚሁ እናት ቀኑን ሙሉ በእግራቸው እንዲዞሩ መተዋቸው ነው። ኤፕኮት በተባለው ክፍል የየአገሩ ማሳያዎች የተደረደሩበት የሐይቅ ዳር መንገድ ብቻውን ወደ 2 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ወረፋው ደግሞ ከእርምጃው ይብሳል፣ ቆሞ መጠበቅ ተረከዝን ይፈጃልና። እማማ «ደህና ነኝ ልጄ» ይላሉ፤ የልጆቹን ደስታ ላለማደፍረስ ሕመማቸውን ይውጡታል። ስለዚህ አንጠይቃቸው፤ መግቢያው ላይ ተሽከርካሪ ወንበር ይከራያል፣ እንከራይላቸው። ነውር የለበትም፤ ሲሻቸው ተነሥተው ይራመዳሉ፣ ሲደክማቸው ይቀመጣሉ። ለዚያ ቀን ተብሎ አዲስ ጫማ መግዛትም ይቅር፤ የለመዱት ይሻላል። ስኳር ካለባቸው ነገሩ ይከብዳል። በሽታው የእግርን ስሜት ሊያደነዝዝ ስለሚችል፣ ጫማ የላጠው ቦታ ሳይታወቅ ሊያመረቅዝ ይችላል። ማታ ሆቴል ሲገባ እግራቸውን አጥቦ፣ የጣቶቻቸውን መሃል ሳይቀር ማየት የልጅ ሥራ ነው፤ እግር ማጠብ እኛ ዘንድ የቆየ ክብር ነው። ቁስል ከተገኘ በማግሥቱ መናፈሻው ይቅርና ሐኪም ዘንድ ይኬድ።