ቀለህ ከመሙላት በፊት

የተተኮሰን ጥይት ቀለህ አንሥቶ፣ አጽድቶና ወደ ቀድሞ ልኩ መልሶ፣ አዲስ ካፕሱል፣ ባሩድና አረር በመስጠት ዳግመኛ ጥይት ማድረግ በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙዎች የሚያዘወትሩት የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ይህ ሥራ በገዳሪፍና በምሥራቅ ሱዳን ጠረፍም ቢጀመር ምን ይከፋል የሚሉ ሰዎች አሉ። ክርክራቸው በሦስት እግር ይቆማል፦ ቀለህ መሙላት ወጪ ይቀንሳል፤ የእጅ ሙያ ክቡር ነው፤ አባቶችም ቀለህ እየሞሉ ተዋግተዋል። ከሦስቱ አንዱም ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። ሦስቱ ተደምረው የሚያደርሱበት መደምደሚያ ግን ስሕተት ነው፤ ያውም ዓይንና ጣት የሚያስከፍል ስሕተት።

በመጀመሪያ ለሙያው የሚገባውን ክብር መንፈግ አያስፈልግም። ጥይት አራት ክፍሎች አሉት፦ ቀለህ፣ በቀለሁ መቀመጫ ላይ ተወሽቃ በምት የምትቀጣጠለው ካፕሱል፣ ባሩድና አረር። ከአራቱ ሦስቱ በአንድ ተኩስ ያልቃሉ፤ የሚተርፈው ቀለህ ብቻ ነው። የነሐስ ቀለህ በተኩሱ ግፊት ተለጥጦ የጠመንጃውን ጎሬ ይሞላል፣ ግፊቱ ሲወርድ በመጠኑ ይሰበሰባል፤ ስለዚህ ደጋግሞ ሊያገለግል ይችላል። የውጭዎቹ ባለሙያዎች ይህን ቀለህ በመጭመቂያ ወደ ልኩ ይመልሳሉ፣ ርዝመቱን ይለካሉ፣ ስንጥቅ ቢያገኙበት ይጥሉታል፣ ባሩዱንም በሚዛን ይመዝናሉ። ይህ ትዕግሥት የሚጠይቅ፣ ችኮላን የሚቀጣ ሥራ ነው። ከዚህ ወገን ሲታይ ከሰዓት ሠሪ ሙያ ብዙም አይርቅም።

ጥያቄው ሙያው መልካም ነው ወይ የሚል አይደለም። መዝናኛ የሚያደርገው ምንድን ነው የሚል ነው። ለዚህ መልሱን የሚሰጠው የራሱ የጠረፉ ታሪክ ነው።

በዚህ አገር ጥይትን በገዛ እጁ እያዘጋጀ በመዝናናት የተኮሰ ሰው አልጠፋም። እንግሊዛዊው አዳኝ ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1861ና በ1862 በዚያን ጊዜ ሱቅ አቡ ሲን በሚባለው በገዳሪፍ በኩል መጥቶ፣ በአትባራና በሰቲት ወንዞች ዳርቻ ሲያድን ቆይቶ ወደ ገላባት አልፏል። ጠመንጃዎቹ በአብዛኛው በአፈሙዝ የሚጎርሱ ስለ ነበሩ ባሩድ መለካትና እርሳስ ማቅለጥ የዘወትር ሥራው ነበር። አብረውት ያድኑ የነበሩት የሐምራን ዐረቦች ግን ዝሆንን የሚገጥሙት በፈረስና በሰይፍ ነበር። ለቤከር መዝናኛ የነበረው ነገር ለእነርሱ እንጀራ ነበር። ቤከር ሲሰለቸው ወደ አገሩ መመለስ ይችላል፤ ሐምራኑ የሚመለሱበት ሌላ አገር አልነበራቸውም። መዝናኛ የሚባለው ሥራ መጀመሪያ የሚፈልገው ይህን የመተው ነጻነት ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ቀለህ መሙላትን ከመዝናኛ ፈጽሞ አራቀው። የማህዲ ሠራዊት እ.ኤ.አ. በ1883 የሂክስን ጦር በሸይካን ሲደመስስ፣ በ1885ም ካርቱምን ሲይዝ፣ እጅግ ብዙ የሬሚንግተን ጠመንጃ በእጁ ገባ። ጠመንጃው ቢገኝም ጥይቱ ከውጭ የሚመጣበት በር ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ የኸሊፋው መንግሥት በካርቱምና በኦምዱርማን ቀለህ የሚያስሞላበት የጦር መሣሪያ ሥራ አቋቋመ። በ1887 የተማረከው ጀርመናዊው ነጋዴ ቻርልስ ኑፌልድ ለዚህ ባሩድ የሚሆነውን ጨው እንዲያወጣ መገደዱን፣ ነጻ ከወጣ በኋላ በ1899 ባሳተመው መጽሐፍ ተርኳል። የዚያ ዘመን ቀለህ ሞዪ በፈቃዱ የተቀመጠ ባለሙያ ሳይሆን እግሩ በሰንሰለት የታሰረ ምርኮኛ ሊሆን ይችል ነበር። የባሩዱም ጥራት ዝቅተኛ ስለ ነበር ጥይቱ ርቀትና ኃይል ያንሰው ነበር። ዐፄ ዮሐንስ በማርች 1889 መተማ ላይ የወደቁበት፣ በሴፕቴምበር 1898ም ገዳሪፍ ከኸሊፋው ወገኖች እጅ የወጣችበት ዘመን ይኸው ነው። በዚህ ጠረፍ ቀለህ መሙላት የእጦት ልጅ እንጂ የትርፍ ጊዜ ልጅ ሆኖ አያውቅም።

በኢትዮጵያ በኩልም ታሪኩ ከዚህ አይለይም። ፉዚ ግራ የተባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ ውጅግራ፣ የእንግሊዙ ስናይደር ስናድር ተብለው አማርኛ እስኪሆኑ ድረስ አገሬው ከጠመንጃ ጋር ተዋሕዷል። ጥይት ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን በገበያ እንደ ገንዘብ የተገበያዩበት ጊዜ ነበር። ይሁን እንጂ እዚህ ላይ አባቶችን የሚጠሩ ሰዎች የሚዘሉት አንድ መራራ ነገር አለ። በቀረርቶና በፉከራ የተወደሰው ተኳሹ ነው። ጠመንጃውን የጠገነው፣ እርሳሱን ያቀለጠው እጅ ግን ቀጥቃጭ፣ ጠይብ፣ ቡዳ እየተባለ ሲሰደብ ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው የሚሰድብ እንዳይኖር ዐዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ስድቡ ሥር የሰደደ ስለ ነበር ነው። ባለ ሙያውን አንቋሾ ሙያውን በቅርስነት መጥራት ምን የሚሉት ፍርድ ነው? የእጅ ሥራ መከበር አለበት የሚል ሰው በቀለህ ሳይሆን በቀጥቃጩ ደጅ ይጀምር።

አባቶችን መጥቀስ ሌላም አደጋ አለው። የውጅግራ ጥይት በጥቁር ባሩድ ዘመን የተሠራ ነው፤ በጥቁር ባሩድም ቀለሁን ሞልቶ ማሸግ የተለመደ አሠራር ነበር። ፈረንሳዊው ፖል ቪዬይ በ1884 ጢስ አልባውን ባሩድ ከሠራ በኋላ ግን ያ ልማድ የሞት ልማድ ሆኗል። ጢስ አልባ ባሩድ ብዙ ዓይነት አለው፤ አንዱ ቀስ ብሎ፣ ሌላው በፍጥነት ይነዳል። ለሽጉጥ የተሠራውን ፈጣን ባሩድ በጠመንጃ ቀለህ ውስጥ እስከ አፉ የሞላ ሰው ጥይት አልሠራም፤ ፊቱ ላይ የሚፈነዳ ቦምብ ሠርቷል። ሁለቱን ባሩዶች ደግሞ በቀለም ወይም በሽታ እርግጠኛ ሆኖ መለየት አይቻልም። ከአያት የተሰማ ልክ ለዚህ አይሠራም።

የወጪውም ክርክር ቢሆን በዚህ ጠረፍ ባዶ ነው። ዛሬ በድንበሩ ግራና ቀኝ የሚታየው ጠመንጃ በአብዛኛው ክላሽንኮቭ ነው። ከጥይቱም ብዙው ቀለሁ ነሐስ ሳይሆን ቀለም የተቀባ ብረት ነው፤ ብረት ደግሞ እንደ ነሐስ ተለጥጦ አይሰበሰብም። ካፕሱሉም በርዳን በተባለው አሜሪካዊ ስም የሚጠራው ዓይነት በመሆኑ በቀለሁ መቀመጫ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ጥቃቅንና ከመሐል የራቁ ናቸው፤ የመዝናኛው ባለሙያዎች የሚገለገሉበት መንቀያ አይሠራበትም። ለመሙላት የሚመቸው በእንግሊዛዊው ቦክሰር የተፈለሰፈው፣ አንድ ቀዳዳ በመሐሉ ያለው ዓይነት ነው። ይህ ዓይነት ጥይት በ1868 ከናፒየር ጦር ስናይደሮች ጋር እስከ መቅደላ ደርሶ ነበር፤ በዛሬው የጠረፍ ሜዳ የሚለቀመው ቀለህ ግን የእርሱ ዘር አይደለም። ስለዚህ እንጀምር የሚለው ሰው መጀመሪያ ሊሞላው የማይገባውን ቀለህ ነው ከመሬት የሚያነሣው።

ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የቋንቋው ነገር ነው። የዚህ ሙያ መጻሕፍት ብዙዎቹ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው፤ ባሩዱንም የሚመዝኑት ግሬን በተባለ መለኪያ ነው። አንድ ግራም 15.4 ግሬን ያህል ነው። መጽሐፉን በከፊል የተረዳ ሰው ግሬንን ግራም ብሎ ቢያነበው ልኩን ከ15 ጊዜ በላይ ያበዛል፤ ቀለሁ ያን ያህል ባይዝ እንኳ እስከ አፉ ይሞላዋል። ግሬንን እንደ ቃሉ ቅንጣት ብሎ የሚተረጉም ቢገኝ ደግሞ አንባቢው ባሩድ እንደ ሰሊጥ ሊቆጥር ይቀመጣል። በሌላ መጽሐፍ የተርጓሚ ስሕተት አንባቢን ያሳስቃል ወይም ያሳዝናል፤ በዚህኛው ግን ያሳውራል። የልኩ ሰንጠረዥ ተገልብጦ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር፣ ከፊቱ ያለው የማስጠንቀቂያ ምዕራፍ ግን ሳይተረጎም ሲቀር፣ የተላለፈው እውቀት አይደለም፤ የእውቀት ስባሪ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ሕግን በተመለከተ፣ ውጭ አገር ሁሉም ነጻ ነው የሚለው ወሬ መታረም አለበት። በጀርመን ቀለህ መሙላት የሚፈልግ ሰው በፈንጂዎች ሕግ መሠረት ትምህርት ተከታትሎ፣ ተፈትኖ ፈቃድ ማውጣት አለበት። በአሜሪካም ለራሱ የሚሞላ ሰው የፌዴራል ፈቃድ ባይጠየቅም ሞልቶ የሚሸጥ ግን ይጠየቃል። በኢትዮጵያ ዐዋጅ ቁጥር 1177/2012 የጦር መሣሪያና ጥይት ያለ ፈቃድ መሥራትንና መነገድን ይከለክላል፤ በሱዳንም የጦር መሣሪያ፣ የጥይትና የፈንጂ ሕግ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተደንግጓል። እ.ኤ.አ. ከአፕሪል 2023 ጀምሮ ሱዳንን ባነደደው ጦርነት ተፈናቃይ ወደ ገዳሪፍ በጎረፈበት፣ ከዚያም በፊት በ2020 መጨረሻ የትግራይ ስደተኞች ኡም ራኩባ በሰፈሩበትና የፈሽጋ ውዝግብ በተቀሰቀሰበት አገር፣ በቤቱ ባሩድና ካፕሱል የተገኘበትን ሰው የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው ብሎ የሚያምነው የትኛው ፈታሽ ነው? ስደተኛ ሲሆንማ የማስረጃው ሸክም እጥፍ ነው።

እንግዲህ ማወቅ ራሱ ነውር ነውን? አይደለም። ይህን ሙያ እንደ ርኩሰት ቆጥረው ስሙ እንኳ እንዳይነሣ የሚሹም ይሳሳታሉ። ያላወቀ ልጅ ነው ሜዳ ላይ ያገኘውን ያልፈነዳ ጥይት በድንጋይ የሚቀጠቅጠው። የባሩድን ጠባይ፣ የካፕሱልን አደጋ፣ የተጣለ ቀለህና ያልተተኮሰ ጥይት የሚለዩበትን ምልክት በአማርኛና በዐረብኛ ጽፎ ለጠረፉ ሕዝብ ማዳረስ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። መተርጐም ካለበት አስቀድሞ መተርጐም ያለበትም ይኸው የማስጠንቀቂያ ምዕራፍ እንጂ ሰንጠረዡ አይደለም። ሙያውን በእጅ መጀመር የሚችለው ግን አራት ነገር በአንድነት ያገኘ ሰው ብቻ ነው፦ ፈቃድ የሚሰጥ ሕግ፣ በሚገባው ቋንቋ የተጻፈ ሙሉ መጽሐፍ፣ ልክ የሆነ ሚዛንና ከሰው የራቀ የዒላማ ሜዳ። አንዱ ከጎደለ ሦስቱ አያድኑም።

ባሩድና ዝናር ከዐረብኛ ጋር የሚጋሩ ቃላት ናቸው። ረሳስ ደግሞ ለሱዳኑ እርሳስ ማዕድኑም ጥይቱም ነው፤ በአማርኛ እርሳስ ሲባል ሕፃን የሚጽፍበትም ነው። በአንድ ድንበር ግራና ቀኝ ያለ ሕዝብ አንዱን ቃል ለሁለቱም ነገር ያውለዋል። በገዳሪፍና በመተማ መካከል ዛሬ የጎደለው የትኛው እርሳስ እንደ ሆነ ለመለየት ሚዛን አያስፈልግም።