የኦልድ ኳርተር ሙቀት

እ.ኤ.አ. ጁላይ 1973፣ ሂውስተን፣ ቴክሳስ። ኦልድ ኳርተር የምትባለው ትንሽ መጠጥ ቤት ጢም ብላ ሞልታለች። ማቀዝቀዣው አይሠራም። መድረኩ ላይ ዘፋኙ ታውንስ ቫን ዛንት ከነጊታሩ ብቻውን ተቀምጧል። የእነዚያ ምሽቶች ቅጂ በ1977 በሁለት ሸክላ ወጣ። ዛሬ የዘፋኙ ስም ሲነሳ አብሮ የሚነሳው ይኸው አልበም ነው፤ ከወዳጆቹ አንዳንዶቹማ «የስቱዲዮውን ተወው፣ እሱን ብቻ ስማ» ይላሉ።

ምክንያት አላቸው። በ1968 የወጣው የመጀመሪያ አልበሙ ማጀቢያ በዝቶበት ግጥሙ ታፍኖ ነበር። ዘፋኙ በማግስቱ ዓመት «ዌይቲን አራውንድ ቱ ዳይ»ን ጨምሮ የተወሰኑትን ዘፈኖች እንደገና የቀዳቸው አለነገር አይደለም። ኦልድ ኳርተር ውስጥ ቃሉን የሚጋርድ ምንም የለም። በዚያ ላይ «ሎሬታ»ን፣ «ኖ ፕሌስ ቱ ፎል»ንና «ሬክስስ ብሉዝ»ን በስቱዲዮ አልበም የምናገኛቸው በ1978 ነው፤ የኦልድ ኳርተሩ አልበም ቀድሞ ነው ያሰማን።

እኔን የሚይዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በዘፈን መሃል የሚጥላቸው ቀልዶች። ቤቱ ይስቃል፣ ሳቁ ገና ሳይበርድ እጁ ክሩን ይነካል፣ ከዚያ የሚመጣው ዘፈን ሐዘን ነው። ያ ሽግግር ስቱዲዮ ውስጥ አይሠራም፤ የሚስቅ ሰው የለማ። እውነቱን ለመናገር ግን ቀልዱ አሥር ጊዜ ከተሰማ በኋላ ያው ቀልድ አይደለም፤ እኔም የማልፋቸው አሉ።

የሌላው ወገን ክርክር እምብዛም አይሰማም እንጂ ቀላል አይደለም። ጥሬ ቅጂ ሁሉ እውነተኛ አይደለም፤ ይህም ከበርካታ ምሽቶች ተመርጦ የተገጣጠመ እንጂ አንድ ሌሊት እንዳለ የተቀዳ አይደለም። አንድ ሰው በአንድ ጊታር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ሲጫወት ደግሞ የጣቱ ስልት እየተመሳሰለ ጆሮ ይደክማል። ከሁሉ የሚከብደው ክርክር የራሱ ዘፈን «ፓንቾ ኤንድ ሌፍቲ» ነው። የካንትሪ ዘፋኞቹ ዊሊ ኔልሰንና መርል ሃጋርድ በ1983 በሙሉ ባንድ ዘፍነውት የካንትሪ ሰንጠረዥ አናት ላይ ወጣ። ማጀቢያ በራሱ ዘፈን የሚገድል ቢሆን ኖሮ ያኔ በሞተ ነበር።

ስለዚህ የቀጥታውን አልበም ከ1968ቱ ጋር ብቻ እያነጻጸሩ ማሞገስ፣ ደካማ ባላጋራ መርጦ እንደ መታገል ነው። ትክክለኛ ተፎካካሪዎቹ በ1969 እንደገና የተቀዱት ዘፈኖች ናቸው፤ ማጀቢያቸው ከ1968ቱ ይልቅ ቁጥብ ነው፣ ድምፁም ቅርብ። «ቴከምሴ ቫሊ»ን ከ1969ኙ ቅጂና ከኦልድ ኳርተሩ አከታትዬ ስሰማ የ1969ኙ ይበልጥብኛል፤ ታሪኩ የሚነገረው ሳይቸኩል ነው። «ፓንቾ»ን ግን ከዚያች ሙቅ ክፍል ሌላ የትም መስማት አልፈልግም። ጠቅላላ ሚዛኑ ለኦልድ ኳርተር ያደላል፤ ያም ቢሆን ጥሬ ስለሆነ ሳይሆን፣ በ1973 ድምፁም እጁም ሙሉ ስለነበሩ ነው። ለዚህ ዘፋኝ እንግዳ የሆነ አንባቢ መጀመሪያ የ1969ኞቹን ቅጂዎች ይስማ፣ ከዚያ ወደ ሂውስተን ይግባ።