የልብ መመርመሪያ መሣሪያና የነጋዴው ድርሻ

የደጀን ጤፍ ነጋዴ ጆንያ አስፈትቶ፥ እህሉን በእጁ ዘግኖ ሳያይ ዋጋ አይቆርጥም። የሰው ልብ ግን እንደ ጆንያ የሚፈታ ስላልሆነ፥ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ ይታወቅ የነበረው ትንፋሽ ካጠረና እግር ካበጠ በኋላ ነው።

ይህን ችግር ያቃለለው ጥበብ ከፋብሪካ ሰፈር መገኘቱ ለንግድ ሰው ደስ የሚያሰኝ ነው። በስዊድን አገር ሐኪሙ ኤድለርና የፊዚክስ ሊቁ ኸርትስ በመርከብ ሥራ ቤት የብረት ስንጥቅ ይፈለግበት የነበረውን ዓይነት የድምፅ ሞገድ መሣሪያ ወስደው፥ በጥቅምት ወር 1946 ዓ.ም. የልብን እንቅስቃሴ ቀረፁ። ኢኮካርዲዮግራፊ የተባለው ይህ ምርመራ ሰውነትን አይወጋም፤ ጨረርም የለበትም። የልብ ቫልቭ መጥበቡን ወይም ደም ማሳለፉን ለዓይን ያሳያል። ዛሬም በእጅ የሚያዝ፥ ከስልክ ጋራ የሚገጠም ዓይነት ወጥቶለታል።

ጥቅሙ ለአገራችን እጅግ የጎላ ነው። በኢትዮጵያ ሕፃናትንና ወጣቶችን አብዝቶ የሚጎዳው ሩማቲክ የልብ በሽታ ከጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ ቫልቭን ቀስ በቀስ ያበላሻል፤ ከባሰም በኋላ መድኃኒቱ ቀዶ ሕክምና ይሆናል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የታተመ የኡጋንዳ ጥናት ግን ሌላ መንገድ አሳይቷል። ሕመሙ ሳይሰማቸው በመሣሪያው ከተገኘባቸው ልጆች መካከል፥ ሁለት ዓመት በየአራት ሳምንቱ ፔኒሲሊን ከተወጉት 399 ውስጥ የባሰባቸው 3 ብቻ ሲሆኑ፥ ካልተወጉት 400 ውስጥ ግን 33 ሆነዋል።

አንዳንድ አስመጪ «መሣሪያው ውድ፥ ገዢው ጥቂት ነው» ይል ይሆናል። አነጋገሩ እውነትነት አለው። ይሁን እንጂ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ አዲስ አበባ ለምርመራ የሚደርስ ገበሬ በሬውን የሚሸጠው ለመሳፈሪያና ለማደሪያ ነው። በሬው ሲሸጥ እርሻው ይጎድላል፤ እርሻው ሲጎድል የጤፍ ነጋዴውም የባለ ሱቁም ገበያ አብሮ ይቀንሳል። የገበሬው ጤና የነጋዴውም ካፒታል ነው ማለት ይቻላል።

ስለዚህ አስመጪው መሣሪያውን ሲያመጣ መለዋወጫውን፥ የጥገናውን ውልና የባለሙያውን ሥልጠና አብሮ ሊያመጣ ይገባዋል። የሚያነበው ባለሙያ ያጣ መሣሪያ በሣጥኑ እንዳለ ያረጃል። የመድኃኒት ነጋዴውም ፔኒሲሊን ከመደርደሪያው እንዳይጠፋ ይትጋ፤ በሽታው ታውቆ መርፌው ከታጣ መመርመሩ ከንቱ ነውና። የየከተማው ነጋዴዎችም ገንዘባቸውን አስተባብረው ለወረዳቸው ሆስፒታል አንድ መሣሪያ ቢገዙ፥ ወጪው ከአንድ የጭነት መኪና ዋጋ እጅግ ያነሰ ይሆናል።

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች ምክር ለልብም ይሠራል። ቅጠሉን በጊዜው ማቅረብ ግን የነጋዴው ፈንታ ነው።