ዳኛ የታጣበት አገር ጀግናው ሽፍታ ነው

«እኔ ራሴ እጨርሰዋለሁ!» አለኝ። የሰፈሬ ልጅ ነው፤ ሃያ አምስት ዓመት ቢሞላው ነው። እናቱ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በአንዲት ጠባብ ግቢ ምክንያት ፍርድ ቤት ሲንከራተቱ ስድስት ዓመት ሞላቸው። መጀመሪያ ቀጠሮ፤ ከዚያም ቀጠሮ። ዳኛው ተዛወሩ ተባለ፤ አዲሱ ዳኛ መዝገቡን እስኪያገላብጡ ሌላ ቀጠሮ። ቀጥሎ መዝገቡ ጠፋ፤ ሲገኝ ደግሞ ግማሹ የለም። ባላጋራቸው እንደሆነ «ሰው አለው»። ሰው ያለው ሰው ማለት ምን ማለት እንደሆነ የዚህ ጋዜጣ አንባቢ ከእኔ ይልቅ ያውቀዋልና ወደዚያ አልገባም።

ልጁ መጽሐፍ ይወዳል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሁለት ጊዜ ጨርሷል። «አየህ ጋሼ፣ ይኸ አገር የጠፋበት እንደ አበጀ በለው ያለ ወንድ ነው» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ያን ማታ የምመልስለት አጣሁ። ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት ያኔ ያጣሁትን መልስ ፍለጋ ነው።

ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን ያን ታላቅ ልብ ወለድ ያነበበ ሁሉ ያስታውሳል። ፊታውራሪ መሸሻ የዲማን ባላገር ከልማዱ ውጭ «አምጣ» ይሉታል። ባላገሩ እምቢ ይላል። ጦር አስከትተው ሲዘምቱበት ደግሞ አበጀ በለው የተባለው ጎበዝ ይማርካቸውና የአገር መሳቂያ ያደርጋቸዋል። እዚያ ገጽ ላይ ሲደርስ ያልፈነደቀ አንባቢ ካለ እጁን ያውጣ! እኔም ፈንድቄአለሁ።

ግን ለምን ደስ አለን? በወረቀት ላይ ከሄድን ሕጉ ፊታውራሪው ናቸው፤ ወንጀለኛው አበጀ ነው። አንባቢው ይህን የሚገለብጠው በዚያ አገር ከሳሹም፣ ዳኛውም፣ አስፈጻሚውም ያው አንድ ሰው ስለሆነ ነው። ባላገሩ አቤት ቢል የሚለው ለማን ነው? ለራሳቸው ለፊታውራሪው! ይህን በግልጽ የሚናገረው የገዛ ዘመዳቸው ካሳ ዳምጤ ነበር፤ እሱን ደግሞ «ጉዱ ካሳ» ብለው ከእብድ ቆጠሩት። እንግዲህ እውነት ተናጋሪው እብድ፣ ሽፍታው ጀግና የሚሆንበት አገር አንድ ነገር ጎድሎታል ማለት ነው። የጎደለው ወንድ ነው ወይስ ዳኛ? ጥያቄው እዚህ ላይ ነው።

ከመጽሐፉ እንውጣና ወደ እውነተኛው ሕይወት እንምጣ። ከዚያው ከምሥራቅ ጎጃም ምድር በላይ ዘለቀ የሚባል ሰው ወጣ። አባቱ ተገድለውበት ጫካ የገባ ሽፍታ ነበር። በ1928 ዓ.ም. ጣልያን አገሩን ሲወር ያ ሽፍታ አርበኛ ሆነ፤ በአምስቱ የጠላት ዘመን ፋሺስትን መቀመጫ መቆሚያ አሳጣው። ከድል በኋላ ደጃዝማችነት ተሰጠው። ብዙም ሳይቆይ ከመንግሥት ጋር ተቃቃረ፣ ተታኮሰ፣ በመጨረሻም እጁን ሰጠ። ሞት ተፈረደበት፤ ቅጣቱ ወደ እስራት ተለወጠለት፤ ከእስር ቤት አምልጦ ተያዘና በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ሞተ። ለጣልያን አድረው የነበሩት ልዑል ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ግን በቁም እስር ቆይተው በተፈጥሮ ሞት አረፉ።

በላይ ጥፋት አልነበረበትም አልልም። በመንግሥት ላይ ጠመንጃ ያነሳ ሰው በየትም አገር ይጠየቃል። ነገር ግን የሚዛኑ ነገር የሰውን አንጀት እስከ ዛሬ ያቃጥላል። ዛሬ በዚሁ በሰቀልነው ከተማ በስሙ ትምህርት ቤት አለ፣ መንገድም አለ። አይ እኛ! ሰውን በቁሙ እንሰቅልና ሲሞት ጎዳና እንሰይምለታለን።

ታዲያ መፍትሔው የአበጀ በለው ጠመንጃ ነው? ልጁን ያሳሳተው ይህ ይመስለኛል። መጽሐፉ ሲያልቅ ይከደናል፤ ሕይወት ግን ከዚያ ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ የመጣውንም አይተነዋል። ደርግ «የጭቁኖች ተበቃይ ነኝ» ብሎ መጣ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩትን አክሊሉ ሀብተ ወልድን ጨምሮ ስድሳ ያህል ሰዎች ያለ አንዳች ፍርድ ተረሸኑ። አገሩ በማግስቱ በሬዲዮ ሰማ። «እሰየው! መሸሻዎች የእጃቸውን አገኙ!» ብሎ ያጨበጨበ ነበር። ሁለት ሦስት ዓመት አልቆየም፤ ያጨበጨበው ሰው የገዛ ልጁን ሬሳ ከአስፋልት ላይ አነሳ። ቀይ ሽብር የሚባለው ያ ነው። ትናንት ለማይወደው ሰው ዳኛ አያስፈልግም ያለ፣ ዛሬ ለልጁ ዳኛ ቢጣራ ከየት ይምጣለት?

ደራሲም አልተረፈም። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አሳተመ። መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፣ እሱም ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መኪናው በደብረ ዘይት መንገድ ላይ ተገኘች፤ እሱ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። መቃብር የለው፣ ተከሶ የተፈረደበት መዝገብ የለው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 28 ሰውን አስገድዶ መሰወር በይርጋ የማይታገድ ወንጀል ነው ይላል። በወረቀት ላይማ ምን ያልተጻፈልን አለ!

«ደርግስ በፍርድ ቤት ተዳኝቶ ምን ተገኘ?» የሚል አይጠፋም። ችሎቱ የተከፈተው በታኅሣሥ 1987 ነው፤ ጥፋተኛ ናቸው የተባለው በታኅሣሥ 1999። አሥራ ሁለት ዓመት! ፍርዱን ሳይሰሙ በእስር የሞቱ ተከሳሾች አሉ፤ ዋናው ሰው መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ደግሞ በግንቦት 1983 ወደ ዚምባብዌ ኮብልሎ ነበርና የተፈረደበት በሌለበት ነው። ጉድለቱ ይህን ያህል ነው። ሆኖም እዚያ ችሎት ልጅ የሞተባቸው ሰዎች ቆመው መሰከሩ፤ ቃላቸውም በመዝገብ ሰፈረ። ገዳዮቹም ለገደሏቸው ሰዎች የነፈጉትን ጠበቃ አገኙ። ይኸ እንደ ልብ ወለድ አያስፈነድቅም፤ ልዩነቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው።

አባቶቻችን ይህን ያውቁት ነበር። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ያሉት ለቀልድ አይደለም። ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው ዳኛ ፍለጋ አብረው ይጓዙ ነበር። «በሕግ አምላክ!» ሲባል የተመዘዘ ዱላ ወደ ታች ይወርድ ነበር። ያ ቃል ዱላ የሚያስወርደው ግን ከጀርባው ዳኛ አለ ተብሎ ሲታመን ብቻ ነው። ፍርድ ቤት በዋስ ይለቀቅ ያለውን እስረኛ ፖሊስ በር ላይ ጠብቆ መልሶ ሲያስር፣ «በሕግ አምላክ» የሚለው ሰው ምን ብሎ ይጥራ?

እንግዲህ ለባለሥልጣኖቻችን የምለው አጭር ነው። አንቀጽ 79 ዳኞች ከሕግ በቀር በሌላ አይመሩም ይላል፤ እንግዲያው ስልካችሁን ዝጉና ዳኞቹን ተዉአቸው። አንቀጽ 37 ሰው ሁሉ ፍትሕ የማግኘት መብት አለው ይላል፤ ስድስት ዓመት የቆየ ቀጠሮ ፍትሕ አይደለም። ሽፍታን የሚፈለፍለው ልብ ወለድ አይደለም፤ የተዘጋ የዳኛ በር ነው። ነገ ልጆቻችን ጠመንጃ ሲያነሱ «ማን አሳሳታቸው?» ብላችሁ ጋዜጠኛና ደራሲ አታሳድዱ። የጠፋውን መዝገብ ፈልጉ!

ለአንተም፣ ለሰፈሬ ልጅ፣ መልሴ ይኸውልህ። ያን ሰውዬ ብትጨርሰው የእናትህ ጉዳይ አያልቅም፤ አንድ ልጃቸውን እስር ቤት ይጠይቃሉ፣ ግቢውንም ያጣሉ። ሰው ያለው ሰው ደግሞ ወንድምና የአጎት ልጅም አለው፤ ደሙ ወደ አንተ ይመለሳል። እናትህ ስድስት ዓመት ሙሉ በየቀጠሮው ነጠላቸውን አጣፍተው ሲሄዱ አንድ ቀን እንኳ ቀርተው አያውቁም። አበጀ በለውን ከመጽሐፍ ውስጥ ስትፈልግ፣ ጀግናዋ ከጎንህ ቁጭ ብላ ቡና ታፈላልሃለች።

የፊታችን ማክሰኞ ቀጠሮ አላቸው። እኔም ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ አብሬያቸው እሄዳለሁ። ልጁም መጣለሁ ብሏል። ባዶ እጁን እንዲመጣ አስምዬዋለሁ።