ባትሪውን ቻይና አልገደለችውም!

መስከረም በመጣ ቁጥር ትምህርት ቤት ሲከፈት የምንሰማው ወሬ አንድ ነው፦ «የሶላሩ ባትሪ ሞቷል!» ለምን ስትሉ መልሱ ቀድሞ ተዘጋጅቷል፤ «ምን ይደረግ፣ የቻይና ዕቃ ነዋ!»

ወገን፣ ቻይናን ለቀቅ እናድርጋት። ሰኔ ላይ ደህና የነበረ ባትሪ መስከረም ላይ የሚሞተው ክረምቱን ባዶውን ስለሚከርም ነው።

ነገሩ ቀላል ኬሚስትሪ ነው። የሊድ አሲድ ባትሪ ቻርጁ ሲወርድ ሳህኖቹ ላይ ሊድ ሰልፌት ይፈጠራል። ቶሎ ቻርጅ ከተደረገ ይመለሳል። ሳምንታት ከቆየ ግን ይደድርና አልመለስም ይላል። ባትሪው ደግሞ ምንም ሳይሠራ ቁጭ ብሎም በራሱ ቻርጅ ይቀንሳል። ኢንቨርተሩ ሳይጠፋ ከተረሳማ አለቀለት!

እኛ ምን እናደርጋለን? ሌባ ፈርተን ከሶላሩ እንነቅለውና ስቶር ውስጥ እንቆልፍበታለን። «ሲሚንቶ ይመጠዋል» ብለን ጣውላ እናነጥፍለታለን። የዛሬ ባትሪ ሳጥኑ ፕላስቲክ ስለሆነ ሲሚንቶ አይመጠውም! ለጣውላው የተጨነቀ ሰው ቮልቱን ግን አይለካም። ውሃው ሲጎድልም አሲድ የሚጨምር አለ። የሚተነው ውሃ ነው፤ የሚጨመረውም ዲስትልድ ውሃ ብቻ ነው።

«ይሄ የባለሙያ ሥራ ነው» የሚሉኝ አሉ። መልቲሜትር ማንበብ ሰዓት ከማንበብ አይከብድም። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ለጥቂት ሰዓት አርፎ ሲለካ 12.6 አካባቢ ካሳየ ሙሉ ነው። ከ12.4 ከወረደ ቻርጅ ይፈልጋል። 12 ከደረሰማ እየለመናችሁ ነው።

ዋናው ችግር ባለቤት ማጣት ነው። ሰኔ ላይ ንብረት ስንረካከብ ወንበር ይቆጠራል፣ ጠረጴዛ ይቆጠራል፣ «ባትሪ፦ 1» ተብሎ ይፈረማል። ያ «1» በሕይወት ይኑር አይኑር ማንም አይጠይቅም።

የምጠይቀው ይሄን ነው። ርክክቡ ቅጽ ላይ የባትሪው ቮልት ይጻፍ፤ ሰኔ ላይም መስከረም ላይም። ቦታው ዘበኛ ካለው አይነቀል፤ ሶላሩና ኮንትሮለሩ እንደተያያዙ ይቆዩ፣ ኢንቨርተሩ ይጥፋ። መነቀሉ ግድ ከሆነ ሙሉ ቻርጅ ተደርጎ አየር ያለው ደረቅ ቦታ ይቀመጥ፤ በወር አንዴ ይለካ፣ ከወረደ እንደገና ቻርጅ ይደረግ። ኃላፊነቱም ስም ባለው ሰው ላይ ይሁን።

ጊቤ 3 እዚሁ ጎረቤታችን፣ ወላይታና ዳውሮ መካከል ኦሞ ላይ ነው። 1,870 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ከተመረቀ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ቁጠሩ። መስመር ያልገባለት የገጠር ቀበሌ ግን ተስፋው ያቺ ባትሪ ናት። ማታ የሚያጠና ልጅም፣ ጤና ኬላ ሌሊት የምትወልድ እናትም በእሷ ብርሃን ነው። አዲስ እስኪገዛ «በጀት የለም» እየተባለ ዓመት ይሄዳል።

ዳይሬክተሮች፣ የንብረት ክፍሎች፣ የወረዳ ትምህርትና ጤና ጽሕፈት ቤቶች፦ ሰኔ ሳይደርስ አስቡበት። ዳይሬክተር የምታውቁ ሼር አድርጉለት።